ልቧ የወጣ እንሰት

ልጅ እያለሁ የሰው ሀብት የሚለካው ቤቱ ከመንገድ ባለመታየቱ ይመስለኝ ነበር። እኛ አገር፣ ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባለጸጋ የሚባል ሰው ጎጆው በእንሰት ተከቦ ከቅጠሉ በላይ ጭሱ ብቻ ነበር የሚታየው። የእኛ ቤት ግን በሩም፣ አጥሩ ላይ የተሰጣው ልብሳችንም፣ እናቴ እኔን ስትቆጣም ከመንገድ ይታይ ነበር። አባቴ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወንጂ እየወረደ፣ እናቴ እኔን ሴት ልጇንና ታናሽ ወንድሜን ይዛ የምትከርምበት ዘመን ነው። ጓሯችን የሳሳው የሚተክል ወንድ ስለማይገኝበት ነበር፤ በእኛ ዘንድ እንሰት መፋቅና ቆጮ ማዘጋጀት የሴት፣ መትከል የወንድ ሥራ ነው።

የጓደኛዬ የወርቄ ቤት ከእኛ ቤት ቀጥሎ ነበር። አባቷ ቢሞትም የተከለው እንሰት እንደ ጫካ ቆሞ ስለነበር ከቤታቸው በር ለመድረስ ቅጠል እየገለጥን ነው የምንሄደው። እቃቃ የምንጫወተው እዚያ ውስጥ ነው። ሳህናችን የኮባ ቅጠል፣ ወጣችን ጭቃ፣ እንግዳችን የወርቄ ትንሽ ወንድም። ከላይ ዝናብ ሲወርድ ቅጠሉ ይንኳኳል እንጂ እኛን አያርሰንም። ፀሐይ ስትሆን ደግሞ ሁላችንም አረንጓዴ እንሆናለን። ትምህርት ቤትም አብረን ነበርን። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶ ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ቤት ውስጥ በሀዲይኛ የምናወራውን እዚያ በአማርኛ ለማለት ስንታገል፣ እሷ ከእኔ ትፈጥን ነበር። እኔ እቀናለሁ፤ እሷ ግን መምህሩ ዞር ሲሉ መልሱን በሹክሹክታ ትነግረኛለች።

በሽታው የመጣው በአንድ ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። መጀመሪያ የአንዷ እንሰት መሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ የጎረቤቷ ጎረቤት። የወርቄ እናት እትዬ ጥሩነሽ ስትቆርጣቸው ከውስጣቸው ንፍጥ የመሰለ ቢጫ ነገር ይወርድ ነበር። መስቀል አልፎ ኅዳር ሲገባ ያ ጓሮ በሙሉ ወደቀ። የብስባሹ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በሽታው በቢላም፣ በሰው እግርም፣ በከብትም ይተላለፋል ስለሚባል ሰው ሁሉ ከዚያ ቤት ራቀ። ክፋት አልነበረም፤ የሁሉም ልጆች የሚያድሩት በእንሰት ነው። ግን አንዳንዱ እርግማን ነው ማለት ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እትዬ ጥሩነሽ ስለ ቤቷ የሚወራውን የሰማችው ከሁሉም ኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የወርቄ አጎት ከቦኖሻ መጣ። ደግ ሰው ነበር፤ የወደቀውን ጓሮ ዞሮ ዞሮ አይቶ ራሱን ያዘ። ፋሲካ ሲያልፍ ተመልሶ ወርቄን እንደሚወስዳት፣ የሚስቱን ሕፃን እያዘለች ውሃ እየቀዳች ቢያንስ እንደማትራብ ተናግሮ ሄደ። እትዬ ጥሩነሽ እሺም እምቢም አላለችም። ወርቄ ይህን የነገረችኝ ቅልልቦሽ ስንጫወት ነው። ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ ሳትቀልበው ቀረች። ቦኖሻ ያኔ ለእኔ የዓለም ዳርቻ ነበር። ከእንግዲህ አግዳሚው ላይ ብቻዬን መቀመጤ ነው ብዬ ሌሊቱን በብርድ ልብስ ተሸፍኜ አለቀስኩ።

በዚያ ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ ወንጌላዊው ያቺን ጌታ ባርኮ ሕዝቡን ሁሉ ያጠገበባትን የአንድ ልጅ የእንጀራና የዓሣ ስንቅ ሰበኩ። እንጀራውን አውቀዋለሁ፤ ዓሣ የሚባል ነገር ግን አይቼ ስለማላውቅ ክንፍ የሌላት ዶሮ አድርጌ በልቤ ሳልኳት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቤት ስንደርስ እናቴ ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ጓሮ ሄዳ ቆመች።

ጓሯችን ውስጥ የነበረውን ዓይኔን ጨፍኜ መቁጠር እችል ነበር። ለመፋቅ የደረሱት ሁለቱ የዚያ ዓመት ጉርሻችን ናቸው። ጉልበቴ ላይ የማይደርሱ ጥቂት ጨቅላ ችግኞች አሉ። ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ እናቴ “ልጃገረዷ” የምትላት፣ አባቴ ወንጂ መውረድ በጀመረበት ዓመት የተከላት፣ ግንዷ የወፈረ አንዲት እንሰት ነበረች። ለከርሞና ለከርሞ ወዲያ ያለን እሷ ብቻ ናት።

“ይቺን ለጥሩነሽ እሰጣታለሁ” አለች እናቴ።

“አንድ እንሰት ምን ትሆናቸዋለች? በልተው ይጨርሷታል” አልኳት።

“ለመብል አይደለም፤ ለወሊድ ነው።”

እንሰት የማታውቁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ መሬት ውስጥ የሚቀረው ወፍራም ሥር አምቾ ይባላል። ቀቅለው ቢበሉት የአንድ ምሽት እራት ነው። ፍግ አልብሰው ቢቀብሩት ግን ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ያወጣል። ታዲያ ያረጀ እንሰት አይወልድም፤ የሚወልደው በጉልበቱ ያለው ነው። ስለዚህ እናቴ ልትሰጥ የምትችለው የምትሳሳላትን ብቻ ነበር። እኔ ወርቄ እንድትቀር የማልሰጠው ነገር አልነበረም፤ ያም ሆኖ ፈራሁ። ከርሞ እኛስ ምን እንበላለን ብዬ ጠየቅኋት።

“ከርሞንማ እኔም አላውቀውም” አለች። “ያለችን ይቺው ናት። እኛ ብንይዛት አንድ ናት። ጌታ እጅ ከገባች ቁጥሯን እሱ ያውቃል።”

የቀረው የሚተክላትን ወንድ ማግኘት ነበር። አባባ ላምቦሬ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በቁጣቸውና በተሳለ ቢላቸው የታወቁ። ያ በሽታ ከገባ ወዲህ ቢላዬ የጥሩነሽን አጥር አያልፍም ብለው ምለው ነበር። እናቴ እኔን አስከትላ ደጃቸው ሄደች።

“አባባ፣ እርስዎ መምጣት ካልቻሉ ቢላዎን ያውሱኝ። እኔው እተክላታለሁ።”

“ሴት እንሰት ስትተክል የት ነው ያየሽው?”

“አላየሁም። ነገ ግን ሳላይ አልቀርም።”

አባባ ላምቦሬ “የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ” እያሉ አጉረመረሙና ዶማቸውን ፍለጋ ተነሡ። በማግሥቱ መጡ። ቢላቸውን እሳት ላይ አግለው፣ የተበላሸውን ጓሮ ሳይረግጡ ዙሪያውን ሄደው፣ ከቤቱ ጀርባ ፍየል ይታሰርበት የነበረውን፣ እንሰት በቅሎበት የማያውቀውን ቦታ መረጡ። ልጃገረዷ ከእኛ ጓሮ ተነቅላ መጣች፤ ግንዷን እናቴና እትዬ ጥሩነሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፋቁት። እትዬ ጥሩነሽ በክንዷ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ከዚያ አባባ ላምቦሬ የቢላቸውን ጫፍ በአምቾው መሃል ሰክተው አዞሩና ነጭ ልቡን ፈልቅቀው አወጡት። ወርቄ እጄን ይዛ ስታይ ቆይታ “ገደሏት!” ብላ ጮኸች።

“ዝም በይ፣ ልጄ” አሏት፤ በዚያ በቁጡ አፋቸው ልጄ ሲሉ የሰማሁት ያኔ ነው። “ልቧ ካለ ለራሷ ብቻ ታድጋለች። ልቧ ሲወጣ ነው የምትወልደው።”

ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ ጨመሩ፤ አፈር መለሱ። ረጅም ጸሎት ይደረጋል ብዬ ስጠብቅ እናቴ እጇን ከአፈሩ ሳታነሣ “ጌታ ሆይ፣ ያለችን ይቺው ናት፤ አብዛት” ብላ ጨረሰች።

አባባ ላምቦሬ ያንን አጥር ማለፋቸው ከተሰማ በኋላ ሌላውም ሰው ደፈረ። አንዷ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ብቅ አለች፤ ሌላዋ የጎመን ዘር። መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ቤተሰቦች እንሰት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታልና ጨውና ሚጥሚጣ ላኩ። ቤቱ በዚህ ሁኔታ ጾም ሳያድር ከረመ። ግን ሁሉም የሚያስበው አጎትየው እስኪመጣ ድረስ ነው። ወርቄ ራሷ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣ ነበር።

ጥር አለፈ፤ የካቲት አለፈ፤ ከፍየሉ ቦታ ምንም አልወጣም። እኔና ወርቄ ከትምህርት ቤት ስንመለስ መሬቱ ላይ ተኝተን ጆሯችንን እንለጥፍ ነበር፤ ምጥ የሚሰማ መስሎን። አንዳንዱ በስብሷል አለ። አባባ ላምቦሬ የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፤ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።” እናቴ በበራችን ፊት ለፊት ባዶ የቀረውን ቦታ ስታይ ፊቷ ይከፋብኝ ነበር። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው ጣለ። በበዓሉ ግርግር ወደዚያ ቦታ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

አጎትየው እንዳለው በበዓሉ ማግሥት አህያውን እየነዳ ደረሰ። ወርቄ የታጠበች ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥቅሏን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ አጠገቧ ነኝ፤ ሁለታችንም እግራችንን እናያለን። አጎትየው እህል ቀምሶ እስኪነሣ አህያውን ላስር ብሎ፣ ካስማ ይዞ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ሄዶ ቀረ። ቆይቶ ድምፁ ተሰማ።

“ጥሩነሽ! ይሄን ማን ተከለ?”

ሁላችንም ሮጥን። መሬቱ ዙሪያውን ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ሁሉ እንደ ጦር ጫፍ የሾሉ ቀይ አረንጓዴ ቡቃያዎች ተጠጋግተው ወጥተዋል። ከእናታቸው ክንፍ ሥር ራሳቸውን ያወጡ ጫጩቶች ይመስሉ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ በጉልበቷ ወደቀች። እናቴ አልተንበረከከችም፤ አልጮኸችምም። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆመች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሁሉ ወር ምን ያህል ፈርታ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አጎትየው ካስማውን ጥሎ ተቀመጠ። “እኔ የመጣሁት የፈረሰ ቤት መስሎኝ ነው” አለ። “እንሰት ከወለደበት ቤት ልጅ አይወሰድም። ማን ይኮተኩታል? ፍጉን ማን ይሸከማል?” የወርቄን ጥቅል ተቀብሎ ለእናቷ ሰጣት። አባባ ላምቦሬ ሰምተው መጥተው ነበርና “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ብለው ወጉት። እሱም ተናዶ ነው መሰለኝ በሳምንቱ አህያውን በቆሎ ጭኖ ተመለሰ።

አልዋሽም፣ ከርሞ እኛ ተቸገርን። ቡቃያ አይበላም፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። በሰኔ አባቴ ከወንጂ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የልጃገረዷን ባዶ ቦታ ነው። እናቴ ስትነግረው ሰምቶ ወጣ። ሲመለስ እጁ ሁሉ አፈር ነበር፤ የእነ ወርቄን ችግኞች ሲኮተኩት ቆይቷል። “ብዙ ናቸው” አለ። በዓመቱ ችግኞቹ ለመነቀል ሲደርሱ የመጀመሪያዎቹን ተሸክማ ወደ እኛ ጓሮ የገባችው እትዬ ጥሩነሽ ናት። እኔ ትምህርቴን ልቀጥል ወደ ሆሳዕና በሄድኩበት ዓመት ቤታችን ከመንገድ መታየቱን አቁሞ ነበር።

አሁን ሰባን አልፌ ሆሳዕና ከተማ እኖራለሁ። ግቢያችን በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ጭቃ የሚባል የለም። ለተቸገረ እርዱ የሚል መልእክት በስልኬ ይመጣል፤ እኔም እሰጣለሁ። ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የተረፈውን አይቼ ነው የምሰጠው። ተርፎኝ ስሰጥ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ከሰጠሁ በኋላም ጌታን የምለምንበት ምክንያት የለኝም። ይሄ ነው የሚከነክነኝ።

ባለፈው መስቀል ወርቄ ቤት ሄጄ ነበር። የልጅ ልጆች አሏት፤ ቅጠል እየገለጥኩ ነው በሯ የደረስኩት። ከእናቴ እንሰት የመጣችው የትኛዋ እንደሆነች ጠየቅኋት።

“የትኛዋ ያልሆነችው?” ብላ ሳቀችብኝ። ጓሮው የደረቀበት ሰው በሰማች ቁጥር ችግኝ ትልካለች፤ አንጋጫ ድረስ ሄዷል። ስንት እንደቀረላት ቆጥራ አታውቅም።

ስነሣ አንዲት ችግኝ ነቅላ፣ ሥሯን በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌያት መጣሁ። ግቢ ገብቼ ግን ቆምኩ። ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት እንሰት የምትቀበርበት መሬት የለኝም። ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ችግኟን ይዤ ቆምኩ።

በማግሥቱ ሠራተኛ አስጠርቼ ከበሩ አጠገብ ያለውን ሲሚንቶ አስፈለጥኩት። ልጄ ከሥራ ሲመለስ “እማዬ፣ መኪናው የት ሊቆም ነው?” ብሎ ደነገጠ። ውጭ ይደር አልኩት። ችግኟ ይዛለች፤ ሦስተኛ ቅጠሏን አውጥታለች። ለመውለድ ስትደርስ እኔ ልኖርም ላልኖርም እችላለሁ። ልቧ እንዴት እንደሚወጣ ለልጅ ልጄ ነግሬያታለሁ። ለማን እንደምትሰጣት ግን አልነገርኳትም፤ እሱን ያኔ የተቸገረውን ሰው ስታይ ታውቀዋለች።