ነጩ በቅሎ የማን ነበር

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዓቢይ ጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝር ይችኛዋን እዘላት ነበር። ባሌ ከሞተ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀኑ ነው። አርባው ሳይወጣ ልጽፋት ተቀምጫለሁ። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ። የምታነበው ሰው፣ ማንም ሁን፣ ሐዘንተኛ ናት ብለህ አትራራልኝ። መጀመሪያ ያደረግኩትን ስማ።

የአንድ የሞተ ሰው ስም አበላሸሁ። እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከወገዳ ወጣ ባለችው መንደራችን እኔ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ፤ ባሌ አያሌው ደግሞ ልጆች ያስተምር ነበር። ሦስት ሰዎች ካሜራና የድምፅ መቅጃ በአህያ አስጭነው ከአዲስ አበባ መጡ። በጣሊያን ጊዜ ስለነበረው የአርበኞች ጦርነት ፊልም ሊሠሩ ነው። አገሩን የሚያውቅ፣ መጻፍ የሚችል ሰው ሲጠይቁ የገበሬ ማኅበሩ እኔን ሰጣቸው።

በእኛ አገር ያ ጦርነት ሲነሣ ከገደሉ ሥር ያለችው ዋሻ አብራ ትነሣለች። ሴቶችና ልጆች ተሸሽገውባት ሳለ አንድ ያገር ሰው ጣሊያንን መርቶ አመጣባቸው። ማን እንደመራ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያዩት አልወጡማ። ያኔ ልጅ የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ተርፋ፣ ኋላ መንኩሳ እዚሁ አገር ካለው ከቤተ ልሔም ገዳም እንደገባች ሰማን። ወደ እሳቸው ሄድን።

እማሆይ ወለተ ጻድቅ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጆሯቸውም ከብዷል። አጠገባቸው ተቀምጬ የዳይሬክተሩን ጥያቄ በጆሯቸው እደግምላቸዋለሁ፤ እሳቸው እጄን ይዘው ይመልሱልኛል። የማን ሚስት እንደሆንኩ አያውቁም።

«ልጄ፣ ይኸ የሚንጣጣው ምንድን ነው?» አሉኝ ካሜራውን ሰምተው።

«መልክዎን እያነሡ ነው፣ እማሆይ።»

«የኔን መልክ! እንኳንም እኔ አላየሁት።»

ሳቅን። እሳቸው ግን ወዲያው ሳቁን ተዉትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድረስ ነው የመራቸው። በነጭ በቅሎ ተቀምጦ ከፊት ከፊት ሲሄድ ከቋጥኝ ሥር ሆኜ አይቸዋለሁ። እስከዛሬ ፈርቼ ነው። ጻፊው፣ ልጄ።»

ድረስ አማቴ ናቸው። የባሌ አባት። አርበኛው ተብለው፣ ተፎክሮላቸው የተቀበሩ።

የዚያን ቀን ነፋሱ ያፏጭ ነበር። ድምፅ ቀጂው ማዳመጫውን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ። «ነፋሱ በላው፤ አንድ ቃል አይሰማም» አለ። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ግድ የለም፣ ጓድ የሺ ሰምታለች። ያሉትን ጻፊልን፤ አዲስ አበባ ተራኪ ያነበዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ከቅጽሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። መጀመሪያ እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍኩት። ከዚያ ገጹን ከደብተሩ ቀድጄ አጥፌ ያዝኩና በሌላ ገጽ ገለበጥኩት። ከአንድ ቃል በቀር ምንም አልለወጥኩም። ድረስ በነበረበት ጥሩነህ አልኩ። ጥሩነህ የጎረቤታችን የታከለ አባት ነው፤ ድሃ ኖሮ ድሃ የሞተ ገበሬ።

ለምን? ለብዙ ዓመት ራሴን ፈርቼ ነው ስለው ኖርኩ። ባሌ የባለ ርስት ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ የባንዳ ልጅ ከተባለ ከማስተማር መባረሩ፣ ምናልባትም መታሰሩ አይቀርም ነበር። ይህ ውሸት አይደለም። ግን «አንድ ያገር ሰው» ብዬ መጻፍ አልችልም ነበር? ስም ያስፈልጋል ያለኝ ማን ነው? ማንም። ከስምስ ሁሉ ጥሩነህን ምን አመጣው?

አውቀዋለሁ ምን እንዳመጣው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በምንጩ ወረፋ የታከለ ሚስት እንስራዬን ገፍታ «መካን ምን ያጣድፋታል? ማን ጠማኝ ብሎ ያለቅስባታል!» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ቤተ ልሔም ድረስ ተከትሎኝ መጣ። የጻፍኩት በፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ በቂምም ጻፍኩ።

ከዓመት በኋላ ፊልሙን አምጥተው በወገዳ ትምህርት ቤት፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው አሳዩን። እማሆይ በዚያው ክረምት ዐርፈው ነበር። የተራኪው ወፍራም ድምፅ የኔን ቃል በኔው አሰካክ አነበበው፤ ጥሩነህ የሚባለው ባንዳ፣ በነጭ በቅሎ፣ ከፊት ከፊት። ታከለ ከመሀል ብድግ አለ።

«አባቴ እንኳን በቅሎ ውሻም አልነበረው!»

«ታዲያ ያቺን በቅሎ የት ሸጣችኋት?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንደ ምንጩ ሳቅ።

የአማቴን በቅሎ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር። አልተናገሩም። ተጽፎ ከአዲስ አበባ የመጣን ነገር ማን ደፍሮ ይመልሳል? እኔስ? እኔ እጄን ጭኔ ሥር ደብቄ ተቀመጥኩ።

ባሌ በዚያ በቅሎ ጀርባ ላይ ያደገ ሰው ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን አጋመስን። ከዚያ ሳልጠይቀው «ነጭ በቅሎ በዚህ አገር ብዙ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እስኪሞት አልጨመረም።

ታከለን ከጽዋ ማኅበሩ አስወጡት። ሴት ልጁን ለማጨት ሽማግሌ ልኮ የነበረው ሰው «የባንዳ ዘር ከቤቴ አይገባም» ብሎ ቃሉን አጠፈ። እህሉን ሊወቃ ደቦ ሲጠራ ማንም አልመጣም። ከአያሌው በቀር። አያሌው በየዓመቱ መንሹን ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ እኔም ስንቁን ቋጥሬ እሰጠው ነበር። ሰው ሁሉ «ልበ ሰፊ፣ የአርበኛ ልጅ አይደል!» ይለዋል። ማታ አቧራውን ሳጥብለት ዓይኔን አያየኝም። ያውቅ ነበር? የጻፍኩት እኔ መሆኔንስ? የኔን ዕዳ በገዛ ትከሻው ሲከፍል ኖሮ ይሆን? አሁን ማንን ልጠይቅ?

የቀብሩ ዕለት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ታከለ ነው። አሁን እሱም አርጅቷል። ከመቃብሩ ስንመለስ ክንዴን ይዞ «አይዞሽ የሺ፤ የጀግና ልጅ ነው የቀበርሽው። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አውድማዬ ላይ እሱ ብቻ ቆመ» አለኝ። ያን ጊዜም እግዜር አፌ ድረስ ያመጣልኝን ዋጥኩት።

ያች የቀደድኳት ገጽ ዳዊቴ ውስጥ አለች። ቢጫ ሆናለች እንጂ አልጠፋችም። ለምን እንዳላቃጠልኳት አላውቅም። ባወጣት የባሌን አባት ሁለተኛ እቀብራለሁ፤ ባሌም በመቃብሩ የባንዳ ልጅ ይባላል። ባላወጣት ታከለ እንደ ባንዳ ልጅ ይሞታል። ሌሊትና ቀን ይህን ስመዝን ሰነበትኩ። ግን የምመዝነው ምኑን ነው? አንደኛው እውነት ነው፤ ሌላው የኔ እጅ ጽሕፈት።

ለአርባው እንጨት የሚፈልጠው ታከለ ነው፤ ሳልጠይቀው ልፍለጥ አለ። ይቅር በለኝ ልለው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እሱ ይቅር የሚል ሰው ነው፤ ወዲያው ይለኛል፣ እኔም አርፋለሁ። ማረፍ የሚገባኝ አይደለሁም። ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ገጿን እሰጠዋለሁ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም በጣቱ እየጠቆመ፣ ጮክ ብሎ ነው የሚያነብ። ድረስ ሦስት ፊደል ነው። እስኪጨርሰው ፊቱ ቆሜ እጠብቃለሁ።