እናቴ እንግዳ የጠራችበት እሁድ

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ኖራለች። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በአልጋ አንጣፊነት ተቀጥራ በሦስተኛ ፎቅ ጀመረች፤ ጡረታ ስትወጣ የአራት ፎቅ ኃላፊ ነበረች። ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «እትዬ ጣት»። አንድን ክፍል ልታይ ስትገባ አልጋውንም መስኮቱንም ትታ መጀመሪያ እጇን ወደ በሩ አናት ትሰዳለች። በሌባ ጣቷ ጠረግ ታደርግና ብርሃን ላይ ታየዋለች። ጣቷ ላይ አቧራ ካገኘች ክፍሉ ከሀ ጀምሮ እንደገና ይሠራል። በሥሯ የሚሠሩት ልጆች «በሩ አናት ላይ ማን ይተኛል?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ እሷ ራቅ ስትል ነው እንጂ ማን ደፍሮ!

በዚያ ሁሉ ዓመት ታዲያ ከሥራ ባልደረቦቿ አንዱም የእኛን ቤት አይቶ አያውቅም። እሷ የሁሉንም ቤት ታውቃለች። አንዷ ወለደች ሲባል፣ አንዱ ቤት ቀየረ ሲባል ስጦታዋን ይዛ ትሄዳለች። «እኛስ መቼ ነው የምንጠራቸው?» ስላት «የእኛ ቤት ገና ነው» ነበር መልሷ። «ገና» የተባለው ነገር ደግሞ አያልቅም። የሶፋው እግር ሲጠገን መጋረጃው ይቀራል፤ መጋረጃው ሲሰቀል የወንድሜ አልጋ ሳሎን ውስጥ ነው። አንድ ቀን አጥብቄ ብይዛት እውነቱን ነገረችኝ።

«እንደ መስታወት የሚያበራ ክፍል እያዩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ያስለመድኳቸውም እኔው ነኝ። የእኔን ቤት በምን ዓይናቸው ያዩታል?»

የሽኝቷ ቀን በሠራተኞች ምግብ ቤት ኬክ ተቆረጠላት። ንግግር ተደረገ፣ ተለቀሰም። በመጨረሻ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ብድግ አለ። ከድምፁ የተነሳ ጎርናናው ይሉታል፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ጎዳና ላይ ይሰማል። «እትዬ፣ አንቺ የሁላችንንም ቤት አይተሻል። ያንቺ ግን መኖሩንም እንጃ! ነው ወይስ ማታ ማታ እዚሁ ባዶ ክፍል ፈልገሽ ነው የምትተኚው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴም አብራ ሳቀች። ከዚያ ከየት እንደመጣ ራሷም ሳታውቀው፣ «እሁድ፣ ለምሳ። ሰባታችሁም» አለች፣ አብረዋት ጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጡት።

ረቡዕ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ላግዛት መጣሁ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት። ስደርስ መጋረጃዎቹ ወርደዋል፣ ፍራሹ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አባቴ መሰላል ላይ ወጥቶ አምፖል ይወለውላል። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ። «ጡረታ ማለት እረፍት ነው ያለኝ ሰውዬ የት ነው ያለው? እፈልገዋለሁ!» አለኝ ከላይ ሆኖ።

እናቴ ዝም ብላ መጥረግ አትጀምርም። መጀመሪያ ትቀመጣለች። አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ሁሉ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ፤ «ክፍል ቆመው አያዩትም። እንግዳ ቆሞ አይውልማ። ተቀመጪ፣ ተጋደሚ፣ እሱ የሚያየውን እይ።» ከታች ካለችው ጎረቤት ወንበር ተውሰን ከራሳችን ጋር ደረደርናቸውና ተራ በተራ ተቀመጠችባቸው፤ እኔ ወረቀት ይዤ እጽፋለሁ። ከሶፋው ሲታይ ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አለ። መስኮቱ ጥግ ከተቀመጡ የወጥ ቤቱ የጋዝ ሲሊንደር ፊት ለፊት ይገተራል። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ደግሞ ግድግዳው ይታያል፤ እኔና ወንድሜ ስናድግ ቁመታችን በእርሳስ የተሰመረበት ግድግዳ። ሃያ ምናምን መስመር ነው። ከመሃሉ አንዱ ጠማማ ነው፤ ወንድሜ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ራሱ ያሰመረው። አባቴ እስከ ዛሬ «ሐሰተኛው» ይለዋል።

«ቀለም» አለችኝ እናቴ፣ ግድግዳውን በአገጯ እያሳየች። «ቀለም» ብዬ ጻፍኩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ ሲሊንደሩም ጨርቅ ለብሶ ነበር። ከዚያ ግን መደበቁ መጣ። የአባቴ የሥራ ኮፍያ ከሚስማሩ ወረደ። ፎቶዎቹ ተነሱ። የልብስ ስፌት መኪናዋ፣ በፕላስተር የታሰረው ሬዲዮ፣ ወንድሜ በእግር ኳስ ያገኘው ዋንጫ፣ ሁሉም ቁም ሳጥን ውስጥና አልጋ ሥር ገባ። አልጋው በነጭ አንሶላ ተወጥሮ ሳንቲም ብትጥልበት ይነጥራል። እግርጌው ላይ ሁለት ፎጣ ታጥፎ ተቀመጠ። ብርጭቆዎቹ በንጹሕ ወረቀት ላይ ተደፍተው ተሰለፉ።

አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ተመልሶ በሩን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የበሩን ቁጥር አየ። ከዚያ ገባና ፈንጠር ብሎ ቆመ። «ይቅርታ የኔ እህት፣ አልጋ አስይዤ ነበር» አለኝ። «ቁልፍ የምቀበለው ከማን ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የያዘችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና «ላንተ ሁሉም ነገር ቀልድ ነው!» ብላ መኝታ ቤት ገባች። አባቴ ዳቦውን እንደታቀፈ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ተከትሏት ሄደና በሩ ላይ ቆመ። እኔም ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

«እኔ እኮ አማረ ለማለት ነው።»

«አይደለም።»

«እሺ፣ አይደለም» አለ አባቴ። «ቤቴ ጠፋብኝ፣ እሱን ነው ያልኩት። ሰዎቹ ሆቴል ለማየት ነው እንዴ የሚመጡት? እሱንማ ትናንትም አይተውታል፣ ሰኞም ያዩታል።»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት። «ሥራዬ ምን እንደነበር ታውቃለህ? ማታ እዚህ ክፍል ሰው እንዳላደረ ማስመሰል። ፀጉሩን፣ ሽታውን፣ መስታወት ላይ የቀረ የጣቱን አሻራ፣ ሁሉንም ማጥፋት። እንግዳ መቀበል ማለት ለእኔ ይኼው ነው። ሌላ አልለመድኩም።»

«እንግዲህ ጡረታ ወጥተሻል» አላት።

ስትወጣ እኔ ግድግዳውን ልቀባ የቀለሙን ቆርቆሮ በቢላ እየከፈትኩ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች። መስመሮቹን ከታች እስከ ላይ አየቻቸው። ሐሰተኛው ጋ ስትደርስ አፏ ትንሽ ፈገግ አለ። «ቆርቆሮውን ክደኚው» አለችኝ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን የደበቅነውን ስናወጣ ዋልን። ግን ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ቦታው አልተመለሰም። የፎቶዎቹ መስታወት በአቼቶ ተወለወለ። ኮፍያው ተቦርሾ ሚስማሩ ላይ ወጣ። ዋንጫው ስንት ዓመት ጠቁሮ ኖሮ ለካ ቢጫ ነበር! ስፌት መኪናዋ ዘይት ጠጥታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ግድግዳውን እናቴ ለማንም አልሰጠችም። እርጥብ ጨርቅ ጣቷ ጫፍ ላይ ጠቅልላ፣ በመስመርና በመስመር መሃል ያለውን ብቻ፣ አንድም የእርሳስ ጭረት ሳትነካ አጸዳችው። ወገቧን ይዛ ስትነሳ አንድ ሙሉ ሰዓት አልፎ ነበር።

እሁድ የጎርናናው ድምፅ ገና ሁለተኛ ፎቅ ሳሉ ተሰማን። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል። «ግቡ፣ ግቡ! ኧረ ጫማችሁን አታውልቁ!» ስድስቱ ገቡ። ከሁሉም ኋላ ቀጠን ያለች ሴት ቀስ እያለች ደረጃውን ወጣች። ወሬዋን ከድሮ ጀምሮ እሰማለሁ፤ በተቀጠረችበት ሳምንት እናቴ አንድ አልጋ ሦስት ጊዜ አስነጥፋ አስለቅሳታለች። አሁን በእናቴ ቦታ የተሾመችው እሷ ናት። ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ ቤቷ ሳትገባ ነው የመጣችው። «ይቅርታ እትዬ፣ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው እንጂ ለእንግድነት የሚሆን ፊት የለኝም» አለች፤ እናቴ ግንባሯን ሳመቻት።

ገብተው ግን አንድም ሰው አልተቀመጠም። እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይጎሻሸማሉ። ሴቶቹ ጎርናናውን ወደ በሩ ገፉት፤ «ረጅሙ አንተ ነህ፣ በል!» እሱም እያፈረ እጁን ሰደደ፣ የበሩን አናት በሌባ ጣቱ ጠረገ፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ዓይኑ ሥር ያዘው። ሁሉም ተሰበሰቡበት።

«የለም!» ብሎ ጮኸ። «ምንም የለም!»

ጭብጨባው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እናቴ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ፣ ፊቷን ሳትፈታ፣ «በሩ አናት ላይ ማን ይተኛል?» አለች። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ትሰማቸው ነበር! ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ወንበር ላይ ወደቁ፤ መቀመጥም በዚያው ተጀመረ።

ግድግዳውን ያየችው በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ናት። «ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ ተነሳች። ይኼ ትልቋ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ይኼ ትንሹ ታሞ በተነሳ ማግስት፣ ይኼ ደግሞ የሌባ መስመር ነው እያለች ተራ በተራ አስጎበኘቻቸው። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አባቴ ኮፍያውን አጥልቆ ፌርማታ እየጠራ አሳቃቸው። ምግቡ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተደገመ። እናቴ ድምጿ ከፍ ብሎ በገዛ ቤቷ እንዲህ ስታወራ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

ሻይ ስቀዳ አንድ ሰው ጎደለኝ። ቀጭኗ ሴት እጄን ልታጠብ ብላ ከተነሳች ቆይታለች። ብፈልጋት መኝታ ቤት ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ለአፍታ አረፍ ብላ ይሆናል፤ እንቅልፍ ጥሏታል። ጫማዋን አውልቃ፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ያ የተወጠረ ነጭ አንሶላ ተጨማዶ። እናቴ እንዳትቆጣ ሰግቼ በዓይኔ ጠራኋት።

መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልተቆጣችም። በእግሯ ጣቶች ገብታ መጋረጃውን ጋረደች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ አለበሰቻት፣ ተመልሳ አጠገቤ ቆማ ታያት ጀመር።

«ስንት ሺህ አልጋ ነው ያነጠፍኩት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ባነጠፍኩት አልጋ ላይ ሰው ተኝቶ ሳይ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።» ትንሽ አሰበችና «ከአባትሽ በቀር» አለች።

ከዚያ ቀሚሷን አስተካክላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች። መሃል ላይ ቆማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ድምፃችሁን ቀንሱ» አለች፤ «ቤቴ እንግዳ ተኝታለች።»

ሁሉም ጸጥ አሉ። ጎርናናው እንኳ የሻይ ማንኪያውን ድምፅ ሳያሰማ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።