ነገሌ ብቻ ያየችው ክፍል

ጎረቤቴ ኑኃሚን ጣሰው የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ሱቋ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ በከተማችን በነገሌ ማን እንዴት እንደተዳረ፣ ሙሽራ ሲሸኝ ማን ከልቡ አልቅሶ ማን ዓይኑን በምራቅ እንዳረጠበ ሳልጋበዝ አውቃለሁ። ሥራዋን የሚያማ የለም። እሷ ግን ሰርግ የምትሠራው ለእንጀራ ነው፤ ልቧ ያለው አንድ የቆየ የጠፈር ፊልም ላይ ነው። "ኧረ ሌላ ፊልም የለም ወይ?" ብዬ ስንቴ እንደጨቀጨቅኳት! "እንዲህ ያለ የለም" ትልና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትደፋለች።

ፊልሙን እኛ "ደረቋ ፕላኔት" እንለዋለን። ውሃ ካለቀባት ዓለም ሰዎች በመንኮራኩር ሲሰደዱ ነው ታሪኩ። አጭርና ረጅም ቅጂ አለው። ረጅሙ አንድ ጊዜ ብቻ በካሴት ወጣና ኩባንያው ዳግመኛ ሳያሳትመው ቀረ፤ በኋላ በሲዲ የመጣው ሁሉ አጭሩ ነው። እኛ የቆላ ሰዎች ግን ረጅሙን ነው ያየነው። ኦቦ ጃልዴሳ ከሞያሌ አምጥተውት።

ኦቦ ጃልዴሳ ደርግ በወደቀ ማግስት ቪዲዮ ቤት የከፈቱ ሰው ናቸው። ማይክ ይዘው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆሙና ፊልሙን በአፋቸው ይተረጉሙ ነበር፤ ለጦር ካምፑ ሰው በአማርኛ፣ ለከተማው በኦሮምኛ፣ ሲቸኩሉ በሁለቱም። እንግሊዝኛ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ተዋናዩ አንዲት ቃል ሲተነፍስ እሳቸው ረጅም ንግግር ይወጣቸዋል፤ ማንም ግን ቅር አይለውም ነበር።

ኑኃሚን የወታደር ልጅ ናት። ፊልሙን ያየችው ክፉና ደጉን ሳትለይ፣ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነው። ከዚያ ሁሉ አንድ ክፍል ልቧን ወሰደው፦ የፕላኔቷ የመጨረሻ ውሃ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቶ፣ ሰዎቹ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ሲያወጡት። "ያንን ባላይ ኖሮ ካሜራ የሚባል ነገር አልነካም ነበር" ትላለች። እሷ ብቻም አይደለችም። በዚያ ዘመን ነገሌ የነበረ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ስለ ጉድጓዱ ክፍል እንምላለን። አንዱ የባልዲውን ቀለም ይነግራችኋል፤ ሌላው ከታች የቆመው ሰውዬ ግንባሩ ላይ ጠባሳ እንደነበረው።

ታዲያ ረጅሙን ፊልም መልሳ ልትሰበስብ ተነሳች። የኦቦ ጃልዴሳን ካሴት መሃሉን ማጫወቻ በልቶታል፤ የተረፈውን ሻጋታ ጎብኝቶታል። ደግነቱ ሰውዬው በዘመናቸው ለየቆላው ከተማ ቪዲዮ ቤት እየቀዱ ልከው ነበር። ተልተሌ ከተማ አንድ ቅጂ ተገኘ፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ደህና ነው። ኑኃሚን ሰርግ በሌለ ቀን ሁሉ ቁርጥራጩን ስትገጣጥም፣ ጭረቱን ስታጸዳ፣ የደበዘዘውን ስታፈካ ትውላለች። በኢንተርኔትም የፊልሙን ወዳጆች አገኘች፤ በየአገሩ ተበትነው ረጅሙን የሚያሳድዱ፣ እንደሷው ልክፍት ያለባቸው። ስለ ጉድጓዱ ክፍል ጻፈችላቸው። አንዳቸውም አላዩትም። አልተጠራጠሯትም፤ እንዲያውም "የነገሌው ክፍል" ብለው ስም አወጡለትና ከብራዚል እስከ ጃፓን ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ጓዳውን ይበረብር ጀመር።

እዚህ ላይ ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ክፍሉ ካልተገኘ ወይ በሰው ፊት ውሸታም ናት፣ ወይ ለዚህ ሙያ ያበቃት ሥዕል ሕልም ነበር። የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራት ስጠይቃት "ሁለተኛው" አለችኝ።

የቀረው ተስፋ ዱብሉቅ ከተማ ነበር። አዴ ደራርቱ የሚባሉ ሴት ካሴቱ አላቸው፤ ግን መጀመሪያው ላይ ሰርጋቸው ተቀድቶበታል። ያኔ ባዶ ካሴት ብርቅ ስለነበር ፊልም ላይ ሰርግ መቅዳት ነውር አልነበረም። የምንፈልገው መሃሉን ነው፤ እሱ አልተነካም ተባለ። ኑኃሚን ማጫወቻዋን ተሸክማ ሄደች፤ እኔም ኬብል ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ።

"ሰርጌን ዘለሽ አታልፊም!" አሉ አዴ ደራርቱ። ቤተሰቡ ተጠርቶ ከሙሽራው መምጣት እስከ ጭፈራው አየን። "ይሄኛው ኬንያ ገባ፤ ይቺ እስከዛሬ ታኮርፈኛለች" እያሉ አንድ በአንድ አስተዋወቁን። የባላቸው አጎት ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቴሌቪዥኑ ተርገበገበና መንኮራኩር አረፈች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኑኃሚን ግን አልሳቀችም፤ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። መሃሉ ሳይቆረጥ፣ ሳይበላ አለፈ። ድርቁ አለ፣ ጭቅጭቁ አለ፣ ስንብቱ አለ። ጉድጓድ የለም።

አዴ ደራርቱ ፊቷን አይተው ደነገጡ። "ምን ነካሽ ልጄ? ኮቱ፣ ነይ፣ አየር ይንካሽ። ከብቶቻችንም ውሃ ላይ ናቸው" ብለው ወደ ኤላው፣ ወደ ጥልቁ የቦረና ጉድጓድ ወሰዱን። ገና ሳንደርስ ዘፈን ሰማን። ጎንበስ ብለን ስናይ ወንዶቹ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች።

ኑኃሚን ክንዴን ጨመደደችው። "ይሄ ነው! ይሄው እኮ ነው!"

ይህን ሁሉ ዘመን "ፈረንጅ የዱብሉቅን ኤላ የት አየው?" ብሎ የጠየቀ አንድ የነገሌ ሰው አልነበረም። ምኑ ይገርመናል? ውሃ ከዚህ ሌላ እንዴት ይወጣል?

ነገሌ እንደገባን ኦቦ ጃልዴሳን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ "ኦቦ፣ የጉድጓዱን ክፍል ከየት አመጡት?" አለቻቸው።

ሳቃቸው ከመልሳቸው ቀደመ። "ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ። ጨለማ! ነዳጅ እስኪመጣ ሰው ሁሉ ጥሎኝ ሊወጣ ነው። ማይኩም ሞቷል፤ በባዶ አፌ ቀጠልኩ። እኔ ያደግሁት ኤላ ላይ ነው። ፕላኔቷ ቢሻን፣ ውሃ፣ የላትም፤ በቃ፣ ጉድጓድ ቆፈርኩላት።"

"ሰው ሁሉ እኮ አየሁት ይላል!"

"አይተውታላ! ዱጋ፣ እውነት፣ አይተውታል። እኔ ምን ላድርጋቸው?"

ኑኃሚን ያን ሰሞን ሱቋን አልከፈተችም። አሳዘነችኝ፤ ልረዳት ብዬ "ካሜራ አለሽ፣ ኤላው አለ። ቅረጪና ክተቺው፤ ማን ያውቃል?" አልኳት።

"እኔ አውቃለሁ" አለች ቆጣ ብላ። "የጠፋውን ነው የምመልሰው። ያልተቀረጸ አልጨምርም።" ከዚያ ጄኔሬተሩ የጠፋበትን ቦታ ኦቦ ጃልዴሳን አስጠቁማ ጥቁር ስክሪን አስገባችበት። ለኢንተርኔት ወዳጆቿም እውነቱን ጻፈች። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ "ጨለማውን ላኪልን" አሏት።

ፊልሙ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተሸፈነ አዳራሽ ነው። የካምፑም የከተማውም ሰው ግጥም ብሎ መጣ። ሥዕሉ ጥርት ብሏል፤ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። ኦቦ ጃልዴሳ ማይክ ይዘው ቆሙ። ስክሪኑ ሲጠቁር ከኋላ አንዱ "ነዳጅ አምጡ!" ብሎ አሳቀን። ከዚያ ሽማግሌው ጀመሩ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ወሬያቸው ግን አላረጀም። ሰዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ አወረዱ፤ ተራ ጠብቁ ተባባሉ፤ ተጣሉ፤ ታረቁ፤ እሳቸው ዘፈኑን አነሱና አዳራሹ ተቀበላቸው። ገና የመጀመሪያው ባልዲ አፋፉ ሳይደርስ ግን ኑኃሚን የለካችው ጨለማ አለቀና ያ ያማረ ሥዕል ቦግ ብሎ መጣ።

"አጥፊው!" አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ። "አጥፊው! አጥፊው!"

ኑኃሚን ወደ እኔ ዞረች፤ አፏ ይስቃል፣ እንባዋ ይወርዳል። ያን ሁሉ ዓመት ስታጸዳው የኖረችውን ሥዕል በገዛ እጇ አጠፋችው፤ ኦቦ ጃልዴሳም ውሃውን ማውጣት ቀጠሉ።