አድሮ የሚታይ ሰዓት

የዚያን ቀን ስንስቅ ነው የዋልነው። ከዚህ ብጀምር ይሻለኛል። ከሌላው ስጀምር እጄ እምቢ ይለኛል።

ወንድሜ ከራቤል በሞተር የገባው በጠዋት ነው። እዚያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔና እናቴ መሐል ሜዳ ነን። አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። እንግዲህ ቤታችን ሦስት ሰው ነበር። ወንድሜ ሞተሩን ግድግዳው ሥር አቆመ፤ የእናቴን ሁለት ጉንጭ ሳመ፤ ሱፍ ከምትፈትልበት በርጩማ አጠገብ ቁጢጥ አለና ቁም ነገር እንደሚናገር ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ፣ ይሄን ልጅ ለሥራ እፈልገዋለሁ። እስከ ምሳ ልውሰደው።»

«የምን ሥራ?»

«የመንግሥት ሥራ ነው። አይነገርም።»

«እናንተ ሁለታችሁ ከተገናኛችሁ ሥራ የሚባል ነገር የለም» አለች፤ እንዝርቷን ሳታቆም። «በሉ ሂዱ። ስትመለሱ ጨው ይዛችሁ ኑ።»

ምስጢሩን የነገረኝ ከበር ስንወጣ ነው። በሳምንቱ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላኛል። በትምህርት ቤት ወረቀቴ ላይ የተወለድኩት መስከረም አንድ ነው። የክፍሌ ልጆች ግማሾቹ የተወለዱት መስከረም አንድ ነው፤ መዝጋቢው ቀኑን የሚነግረው ሲያጣ እሷን ይጽፋል። እናቴ ግን አትረሳም። ሚካኤልን አንግሣ ገባች፤ በማግስቱ ወለደችኝ። ቢሆንም ልደት የሚባል ነገር ቤታችን ተከብሮ አያውቅም። ነገሩን ወንድሜ ደብረ ብርሃን ሲማር ነው ይዞት የመጣው።

«ወንድ ልጅ አሥራ ስምንት ሲሞላው ሰዓት ያስራል» አለኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኛ! ታላቅህ አይደለሁም? ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሙሽ አልልህም።»

«አሁንስ ለምን ትለኛለህ?»

«አሁንማ ሕጋዊ ነው፣ ማሙሽ።»

የገበያ ቀን ነበር። ሰዓት ሠሪው ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጉልበቱ ላይ የበግ ጠጉር ባና ጣል አድርጎ፣ ሰዓቶቹን የመስታወት ሣጥን ውስጥ ደርድሮ። አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ስለማይጠፋ ሰውን የሚያየው በሌላው ብቻ ነው።

«ምን ልስጣችሁ?»

«ክላሲክ ሰዓት ነው የምንፈልገው» አለ ወንድሜ።

«ክላሲክ ምንድን ነው?» አልኩት በጆሮው።

«የማይጮኽ ማለት ነው። ስታረጅም የማያሳፍርህ።»

እኔ ግን ዓይኔ ቀድሞ ሄዷል። ወርቅማ፣ ትልቅ፣ በውስጡ ሌሎች ሦስት ትንንሽ ሰዓቶች ያሉበት። ያንን ካሰርኩ የክፍሌ ልጆች ምን እንደሚሉ ሁሉ ታየኝ። በጣቴ ጠቆምኩት። ሰዓት ሠሪው ክንዴን ያዝ አድርጎ አገላብጦ አየው።

«በዚህ ክንድ? ሰዓቱ እኮ ነው እሱን አስሮት የሚዞረው!»

«እነዚህ ትንንሾቹስ ምን ይቆጥራሉ?» አልኩ፤ ላለመሸነፍ።

«ምንም። ሥዕል ናቸው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ቆጣሪዎቹ የተሳሉ ናቸው። ወንድሜ ሳቁን ማቆም አቅቶት የልብስ ሰፊው ደፍ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ሰዓት አስሮ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው!» አለና እንደገና ሳቀ። እኔም ተናድጄ ጀምሬ ስቄ ጨረስኩ።

ያን ጊዜ ሰዓት ሠሪው ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ስስ፣ ፊቱ ነጭ፣ ማሰሪያው ጥቁር ቆዳ። «ይሄ ባትሪ አያውቅም» አለ። «ጠዋት ጠዋት በእጅ ነው የሚሞላው። ባለቤቱ ከረሳው እሱም ይረሳዋል።»

ወንድሜ መሳቁን ተወ። ሰዓቱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ካየው በኋላ እጁን ጃኬቱ ውስጥ ሰደደና የልብ ማዳመጫውን አወጣ። በጎቹንና ላሞቹን የሚመረምርበትን ማለቴ ነው። ጆሮው ላይ ሰካና መጀመሪያ ወርቅማውን አዳመጠ።

«ይሄ ልብ የለውም። ሆድ ብቻ ነው።»

ሌላውን አነሣ። «ይሄኛው ሳንባው ታሟል። ክትባት አምልጦታል።»

«አንተ ልጅ! ገበያዬን ገደልከው እኮ!» አለ ሰዓት ሠሪው፤ ግን እሱም ትከሻው በሳቅ ይርገፈገፋል። ሰው ተሰበሰበ። በግ በገመድ የያዘ ገበሬ አንገቱን አስግጎ «ይሄ ዕቃ የሰው ነው የከብት?» ብሎ ጠየቀ።

«የከብት ነው አባባ። ግን ሰዓትም ይሰማል።»

በመጨረሻ ስሱን ሰዓት አዳመጠ።  ማዳመጫውን አውጥቶ ለእኔ ሰካልኝ። የሰማሁትን አልረሳውም፤ ከጓሳ ተራራ ቁልቁል የሚመጣ ፈረስ ድንጋይ ላይ ሲረግጥ በሩቁ እንደሚሰማው ነው፤ የማይደክም ፈረስ። «ደህና ነው?» አለኝ ወንድሜ በምልክት። አንገቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ካልሰማሁ አለ። ልብስ ሰፊው ሰማ። ጨው ነጋዴዋ ሰማች። ገበሬውም ሰማና «በሉ የእኔንም በግ ስሙልኝ፤ ልሸጠው ነው» አለ። ወንድሜ ተንበርክኮ የበጉን ደረት አዳመጠና «ከሰዓቱ ይፈጥናል፤ መሸጡን ሰምቷል መሰለኝ» አለ።

መግዛቱ ላይ ግን ወንድሜ አንድ ነገር አመጣ። እኛ ዘንድ ከሚያውቁት ሰው በግ ሲገዛ «አድሮ ይታይ» ይባላል። ገዢው ወስዶ ያሳድረዋል። ጠዋት ሲያመነዥክ ከተገኘ ጤነኛ ነውና ግዢው ጸና፤ ካላመነዠከ ይመለሳል። ወንድሜ ይሄንኑ ለሰዓቱ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ አድሮ ይታይልን።»

«ሰዓት ያመነዥካል እንዴ?»

«ካላመነዠከ በሚመጣው ገበያ እመልስልዎታለሁ።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አነሣ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። «ይደር» አለ።

መንገድ ላይ ማን ጋ ይደር በሚለው ተጣላን። እኔ ጋ አልኩ። «ታማሚ ከሐኪሙ ጋር ነው የሚያድር» አለና እጁ ላይ አሰረው። አሞላሉን አሳየኝ። «እስኪከብድህ ድረስ አዙረው። ሲከብድህ ተው፤ አታስገድደው።» ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተካከልነው። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እደውልልሃለሁ። አንተ ስልክህን ታያለህ፣ እኔ ሰዓቱን አያለሁ። እኩል ከሆኑ አመንዥኳል ማለት ነው። በልደትህ ቀን መጥቼ እማዬ ፊት አስርልሃለሁ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል።»

ቤት ስንደርስ እናቴ እጃችንን አየች። «ጨውስ?»

ተያየን። ጨው ነጋዴዋ የሰዓት ልብ ስታዳምጥ አጠገቧ ቆመን ነበር እኮ!

«የመንግሥት ሥራ በዛብን፣ እማዬ» አለ ወንድሜ።

ምሳ የበላው እጅጌውን እስከ ጣቱ ድረስ ጎትቶ ነው። «በርዶሃል?» ስትለው «ራቤል አስለምዶኝ ነው» ይላል፤ እኔ እንጀራው ትን ይለኛል። ከቀትር በኋላ ሞተሩን አስነሣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበ። እጅጌው ወደ ታች ሲንሸራተት ሰዓቱ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። ፈጥኖ ሸፈነውና ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። እናቴ ምንም አላየችም። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ሳቅሁ።

ያ ነው። መጨረሻ ያየሁት እንደዚያ ነው።

ጀንበር ስትጠልቅ የጎረቤት ልጅ መጥቶ አጎቴ እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታቸው ስገባ ሁለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን ተቀምጠዋል።  ጠረጴዛው ላይ የወንድሜ ጃኬት ነበር። በላዩ የልብ ማዳመጫው። አጠገቡ ሰዓቱ። ሳይነግሩኝ ያወቅሁት ከዚያ ነው።

«በራቤል መንገድ አንድ መታጠፊያ ላይ ጠጠር አንሸራተተው» አሉ አጎቴ። «መንገደኛ አንሥቶ ወደዚህ ሐኪም ቤት አመጣው። ሲደርስ ግን... ሲደርስ አልነበረም።»

እዚያው አለቀስኩ። የንስሐ አባታችን «እዚሁ ጨርሰው፣ ልጄ። ይዘኸው እንዳትሄድ» አሉኝ። እንዴት እንደሚጨረስ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ቆይቶ ቆመልኝ። ውኃ አምጥተው ፊቴን አስታጠቡኝ።

መርዶ እኛ ዘንድ በማታ አይነገርም። ነግቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እናት የሚደግፋት ሲኖር ነው። አጎቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንመጣለን። በሩን የምትከፍትልን አንተ ነህ። እስከዚያ እናትህ ከፊትህ ላይ ምንም እንዳታነብ። ትችላለህ?»

እንደ ልጅ ቢቆጥሩኝ ኖሮ ለእኔም ከእናቴ ጋር ነበር የሚነገረኝ። «እችላለሁ» አልኩ። ሰዓቱን ከጠረጴዛው አነሣሁት። ማንም ምን ልታደርገው ነው አላለኝም። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ይሄዳል። ኪሴ ከተትኩትና ለእናቴ ምክንያት እንዲሆነኝ ከአጎቴ ቤት ጨው ለመንኩ።

«አጎትህ ምን ብሎ ጠራህ?» አለች ገና ስገባ።

«ጨው ሊሰጡኝ ነው።»

«እሱ እንኳ ከእናንተ ይሻላል!» ጨዉን ተቀበለችኝ። «ታላቅህ ገባ ይሆን? አልደወለም።»

«ራቤል ኔትወርክ የለም አሉ።»

«ነው እንዴ? እስቲ ቁጭ በል። ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ ስትንከተከቱ የዋላችሁት?»

ተቀመጥኩ። ዝም ብል ፊቴን ታያለች። ስለዚህ ነገርኳት። የሰዓቱ ምስጢር የወንድሜ ስለሆነ ግን ሰዓቱን በግ አደረግሁት። ወንድሜ የሰው በግ ሁሉ በማዳመጫ ሲሰማ ዋለ አልኳት። አንዱን ልብ የለውም፣ ሆድ ብቻ ነው አለ። ሌላው ክትባት አምልጦታል አለ። ሻጩ ገበያዬን ገደልከው ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ ትልቁንና ወርቅማውን በግ ካልገዛን አልኩ።

«ወርቅማ በግ?»

«ቀይ ማለቴ ነው።»

እናቴ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለመጻፍ የሚከብደኝ ይሄ ነው፤ ሳቄ የውሸት አልነበረም። ወንድሜ እንደገና እየተናገረ፣ እንደገና ደፉ ላይ እየተቀመጠ ነበር። እስካወራሁ ድረስ በሕይወት ነበር። «በመጨረሻ ደህናውን አገኘና፣ አድሮ ይታይ ብሎ ወስዶታል» ብዬ ጨረስኩ።

ስለ ሌሊቱ አልጽፍም።

ሲነጋጋ እናቴ ጸሎቷን አድርሳ እሳት አነደደች። ገንፎ ልታገነፋ ነው። እኔ ሳያንኳኩ ልድረስባቸው ብዬ ወደ አጥሩ በር ወጣሁ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። አጎቴ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው ብዙ ሰው፣ ሁሉም ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል።

«ክፈት» አሉኝ አጎቴ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጋሼ፣ ገንፎ እያገነፋች ነው። ትብላ።»

«ምን?»

«ከአሁን በኋላ መቼ እህል እንደምትቀምስ አናውቅም። ትብላ። አንድ ሰዓት ሲሆን እከፍታለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በዚህ ውርጭ?» ብለው አጉረመረሙ። አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው እንደ ትናንቱ አልነበረም።

«ሰዓት አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«እንጠብቃለን» አሉ።

ገብቼ ከእናቴ ጋር ገበታ ቀረብኩ። እንድትበላ እኔም በላሁ። እየጎረሰች የማታውን እያስታወሰች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። «ወርቅማ በግ!» አለች። ደግሞ ትጎርሳለች። ሳህኑ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰዓቱን ከኪሴ አወጣሁና ስልኬ አጠገብ አደረግሁት። አንድ ሰዓት። እኩል ናቸው። ስልኩ አልጠራም። ወንድሜ የሞላው ገና አላለቀም ነበር። በላዩ ላይ እስኪከብደኝ ድረስ አዞርኩ፤ ሲከብደኝ ተውኩት። ከዚያ እጄ ላይ አሰርኩት፤ በመጨረሻው ቀዳዳ።

«እና ያ በግ እንዴት ሆኖ አደረ ይሆን?» አለች እናቴ ከኋላዬ፤ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች።

«አመንዥኳል፣ እማዬ» አልኳትና በሩን ልከፍት ወጣሁ።