የደሳለኝ ተራ

ባለፈው ሳምንት ሰቆጣ ገበያ ዳር አንድ ባጃጅ ያንን ምት እያስጓራ አጠገቤ ሲያልፍ፣ ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ምቱን ቤታችን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ነበር። የሰው ባጃጅ ይነዳ ስለነበር አዲስ ዘፈን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይዞ ይገባል። ሬጌ ነው፤ የባዕድ አገር ዘፋኞች አንዱን ምት እየተቀባበሉ እያንዳንዱ የራሱን ግጥም ያዜምበታል፤ ሪዲም ይሉታል። የሚሉት አንዱም አይገባንም ነበር። ክረምት ዝናቡ ቤት ሲያግተን ግን ደሳለኝ ዘፋኝ የሌለበትን ባዶውን ምት በትንሿ ስፒከሩ ይከፍትና፣ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ታናሽ እህቴ ብርቄ፣ መጨረሻ ላይ እሱ፣ የመጣልንን እንዘፍንበት ነበር። የሱ ግጥም ሁልጊዜ እማዬን ይነካካል፦

«እማዬ ስትቆጣ ዓይኗ ይስቃል፣
ጠላ ቅጂልኝ ስል ጋኑ ያልቃል።»

«ተዉ እናንተ!» ትላለች እማዬ። «በአንድ ዜማ መቀባበል የለቅሶ ነው። ሰው ሳይሞት ቤቴ ውስጥ ሙሾ አታውርዱብኝ።»

«ሙሾ ወገብ ያስነቀንቃል እንዴ፣ እማ?» ብሎ እጇን ይዞ ሊያስጨፍራት ይታገላል።

ጥር ላይ ባለቤቱ ባጃጁን ሸጠው። ደሳለኝም ሥራ ፈትቶ ጥቂት ከሰነበተ በኋላ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ተነሣ። ስፒከሩን ለእኛ ትቶ «ተራዬን እንዳትነኩ» ብሎን ሄደ። በጋውን ሙሉ እኔና ብርቄ የየራሳችንን ዘፍነን፣ የሱ ተራ ሲደርስ ዝም ብለን ምቱን እንሰማ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አብሮት የሄደ ልጅ ደወለ። ባሕሩ ላይ ጀልባቸው ተገልብጣ ደሳለኝ ሲሰጥም በዓይኑ አይቷል። አባዬ ለለቅሶው ድንኳን ይተከል ቢል እማዬ በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ ሴት፣ እርምሽን አውጪ እንጂ» አላት።

«አስከሬኑን ሳላይ አላለቅስም። ካለቀስኩ እኔው ገደልኩት ማለት ነው።»

ጎረቤቱ ለቅሶ ልድረስ ቢል ለቅሶ የለም፣ ልቅር ቢል ነገሩን ሰምቷል፤ በደጃችን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ጀመር። እኔ ደግሞ በዘፈናችን ያሟረትንበት እየመሰለኝ፣ ለማንም ሳልናገር በፍርሃት እቃጠል ነበር።

ነሐሴ መጥቶ የሰፈራችን ልጃገረዶች ለሻደይ በዓል ጭፈራ አምረው ሲወጡ እኛ ቤት ቀረን። የዚያን ቀን ከሰዓት እማዬ ስፒከሩን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ክፈቺው። የሱ ተራ የቱ ጋ ነው?»

ከፈትኩት። የኔም የብርቄም ተራ ያለ ዘፈን አለፈ። የሱ ሲደርስ ራሴን ነቀነቅኩላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በእናቷ ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ሙሾውን አወረደችው። ምቱ ቢያልቅም እሷ አላቆመችም። አባዬ ከጓሮ ሮጦ መጣ፤ ጎረቤቶቹ ተከትለውት ገቡ፤ ሴቶቹም ተራ በተራ ተቀበሏት።

ያኔ አንድ ምት ለሦስት አይበቃንም ነበር፤ ዛሬ እማዬም አፈር ለብሳለች፣ ብርቄም ባሏ አገር ናት፣ ምቱን የምሰማው ብቻዬን ነው። የደሳለኝን ግጥም አንዲት ቃል አልረሳሁም። ድምፁን ላስታውስ ስል ግን የሚመጣልኝ የእማዬ ነው።