ልዑሉን ግደዪው

ከቤት የወሰዱኝ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ለፈተና አጠናለሁ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት መጡ። አንደኛው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብሮኝ ያደገ ልጅ ነው። ዓይኔን ሳያይ «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። እናቴ ነጠላ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ያ አንድ ጥያቄ ክረምቱን በሙሉ ፈጀ።

ቀበሌው እስር ቤት ያደረገው ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ያለ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የጨርቅ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የአቡጀዲ ሽታ ነው፤ ከሱ ሥር ላብና ሽንት። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል። ሴቶቹ እግራቸውን አጥፈው ቦታ ለቀቁልኝ። ከውጭ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ሰው ማኪያቶውን የሚጠጣበት ቤት ከግድግዳችን ብዙም አይርቅም።

በምን ገባሽ ሲሉኝ «በተረት» አልኩ። አንዲት ሴትዮ የማሾፍ መስሏት ተቆጣች።

እውነቱ ግን ይኸው ነበር። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ለኪነት ቡድኑ ድራማ ሲፈልግ፣ በልጅነቴ አባቴ ያነበበልኝን አንድ የፈረንጅ ተረት ወደ ሰፈራችን አመጣሁት። እንዝርት ጣቷን ወግቷት መቶ ዓመት የምትተኛ ልጅ፣ ቤቷን የሚከብ እሾህ፣ መጥቶ የሚቀሰቅሳት ልዑል። የእኔዋ ልጅ የሸማኔ ልጅ ሆነች። እሾሁም ቀጋ ሆነ። ልዑሌ ፈረስ የለውም፤ በጊዮርጊስ በኩል በእግሩ ይመጣል፤ ዓይን አፋር ነው፤ ለመናገር ሲፈልግ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። አባቱ ከትግራይ የመጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከትምህርት ቤት አብረን እንመለሳለን፤ ሰፈር ስንቃረብ ሰው እንዳያየን እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። እጄን የያዘኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ተረቱን የሠራሁት ለእሱ እንደሆነ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በቃሌ ተናገርኩት፤ ልጆቹ ወደዱት። በሳምንቱ ታሰርኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነበር።

«ልዑሉ ማነው?» አለኝ።

ተረት ነው፣ ሰው አይደለም አልኩት። የተኛችው አገሪቱ እንደሆነች፣ እሾሁም አብዮታዊ ሠራዊቱ እንደሆነ እሱ ራሱ አስረዳኝ። «ሰፊውን ሕዝብ የሚያነቃው ልዑል ከሆነ፣ እኛ እዚህ ምን እየሠራን ነው? ዘውዱን ማን ሊመልስ እንደሆነ ንገሪኝ።»

ከዚያ እግሬን አሰሩት። ስለዚያ ብዙ አልልም። ዱላው በቆመ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመለስ ነበር። አንድ ስም ብጠራ ያበቃል፤ ያ ስም ደግሞ ምላሴ ላይ ነበረ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ሕመሙ አይደለም። ልጆች የወለደ ትልቅ ሰው፣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የተረት ልዑል መኖሪያው የት እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ስገረፍ በቁም ነገር መመለስ አለብኝ።

ስመለስ እግሬን በጨው ውኃ ያጠበችልኝ አንዲት የነርስ ተማሪ ነበረች። ሥላሴ አካባቢ ነው ያደገችው። የሚፈለገው ወንድሟ ነው፤ እሱን ሲያጡት እሷን በምትኩ ያዙ። ከራሷ ቀሚስ ጠርዝ ቀድዳ ቁስሌን አሰረችው። ሕመሙን እንድረሳ ብላ ተረቱን አስጀመረችኝ፤ ሴቶቹም ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ያቺ የተቆጣችው ሴትዮ ሳትቀር። ስጨርስ ተማሪዋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ልጁ እውነተኛ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ሊቀመንበሩ ሌላ ቀን አስጠርቶ ውሳኔውን ነገረኝ። እሑድ በጠቅላላ ስብሰባ ተረቱን እንደገና እናገራለሁ። መጨረሻው ግን ይለወጣል፦ ጭቁኖች ልዑሉን እሾሁ ውስጥ ይይዙትና አብዮታዊ እርምጃ ይወስዱበታል። «አንቺው ግደዪውና ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለኝ።

ሴቶቹ በይው አሉኝ፤ ወሬ አይደል ወይ፣ ለእናትሽ እዘኚላት። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ተማሪዋ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«በአፍሽም ቢሆን አትግደዪው፣ እህቴ። ዛሬ አፍሽን ካስለመዱት ነገ እጅሽን ነው።»

እሑድ ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፍቶ የእሷን ስም ጠራ፤ ከነዕቃሽ አላት። ከነዕቃሽ ተብላ የወጣች በሕይወት እንደማትመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ጸጉሯን አበጠረች፤ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች፤ አንድ በአንድ ስማን ወጣች። ያ የመጨረሻዋ ነው።

ጥቂት ቆይቶ እኔን ወሰዱኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መቅረት አይቻልም ነበርና። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የሰዓት ሠሪው ልጅ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ወደዚያ ላለማየት ዓይኔን ከእናቴ ላይ አልነቀልኩም። እየተንገዳገድኩ ጀመርኩ። እንዝርቱን ተናገርኩ፤ እንቅልፉን ተናገርኩ፤ ቀጋው ቤቱን ሲውጠው ተናገርኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«ልዑል የሚባል አልመጣም» አልኩ። «ማንም አልመጣም። ልጅቷ ራሷ ነቃች። ቀጋውን ከውስጥ በእጇ እየሰበረች ወጣች።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ አንድም ሰው ግን አልተነሣም።

«ወጥታስ የት ሄደች?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቤቷ።»

እኔ ግን ቤቴ አልሄድኩም። የዚያኑ ቀን እንደገና ገረፉኝ፤ ነገር ግን ልዑሉ ማነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ልዑል በሌለበት ተረት ውስጥ ስሙን ከየት ያምጡት? መስከረም ሲጠባ፣ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነግሩኝ ሂጂ አሉኝ።

ያን የሰዓት ሠሪ ልጅ ከዓመታት በኋላ አገባሁት። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ይህን ታሪክ ማውራት ይወዳል፤ «ከገዛ ተረቴ አውጥታ ጣለችኝ» ሲል ሰው ሁሉ ይስቃል። ሊያቀልልኝ ፈልጎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልቆጣውም። እኔ ግን እስካሁን መሳቅ አልቻልኩም። ሊቀመንበሩ በሰላም አርጅቷል፤ ፒያሳ ላይ ጋዜጣ ይዞ አይቼዋለሁ። የተማሪዋ እናት ግን ልጃቸው የት እንደወደቀች የሚነግራቸው አጥተው ሞቱ። ስለዚህ ሳቁ ጋብ እስኪል እጠብቅና፣ የዚያችን ልጅ ስም ከነአባቷ ለእንግዶቹ እነግራቸዋለሁ።