የዘሃራ ወንበር

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አሰላ

የጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ሳይገፍፍ መኪናዬን አስነሳሁ። መኪና ስል አንባቢዬ እንዳይስቅብኝ፤ ጣሊያን ጥሏት የሄደ፣ ከእኔ በፊት ሦስት ጌታ የቀየረች አሮጌ ናት። ቤንዚን ስትጠጣ ደግሞ ለጉድ ነው። የሰኔ ዝናብ የናዝሬቱን መንገድ ካበላሸው ወዲህ አሰላ ውስጥ ቤንዚን ጠፍቷል፤ ያለኝ አሥር ሊትር ብቻ ነው። በቆጂ ደርሳ ለመመለስ አሥራ ሦስት ትፈልጋለች። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ካልተገኘሁ ደግሞ አለቃዬ እንጀራዬን ሊቆርጠው ዝቷል።

ባለቤቴ ዘሃራ በቆጂ አስተማሪ ናት። ዓይኗን ካየሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ናፍቃኛለች፤ ሌላ ምን እላለሁ?

መካኒኩ ጋሽ ጀማል ትናንት መኪናዋን አራቁተው ነው ያስረከቡኝ። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛባትና ጥቁር ጭስ ታደርገዋለች» ብለው ቤንዚን የሚያልፍበትን የካርቡሬተሩን ቀዳዳ አጠበቡ። ጎማዎቹን አጠንክረው ነፉ። ክብደት እንዲቀንስ የኋላውን ወንበር ነቀሉ፤ ቀጥለው ከሾፌሩ ጎን ያለውን መፍታት ጀመሩ።

«ይሄንንስ ለምን ያነሱታል?» አልኳቸው።

«ብቻህን አይደል የምትሄደው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ለማን ትጭነዋለህ? ስማኝ ልጄ፣ ቤንዚን የሚጨርሰው እግርህ ነው። አትርገጠው፣ ንካው ብቻ። ቁልቁለት ስታገኝ ማርሹን ከሞተሩ አላቅቀህ፣ ፎሌ አድርገህ ልቀቃት። በአንደኛ ማርሽ ግን እንዳታዘግም፤ ጠጥታ ታስቀርሃለች።»

2 ሰዓት ተኩል፣ ሳጉሬ

ጭቃ፣ ባሕር ዛፍ፣ አዲስ የበቀለ ገብስ፣ የተጫኑ አህዮች። ዘሃራን ባሰብኩ ቁጥር እግሬ ነዳጅ መስጫው ላይ ይከብዳል፣ ሞተሩ ይጮሃል፤ እግሬን እረግማለሁ። ከኋላዬ የመጣ ባለፈረስ ደረሰብኝና ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«አካም ቡልቴ! መኪናህ ታማለች እንዴ?»

«ቤንዚን እየቆጠብኩ ነው።»

«ወዴት ነው?»

«በቆጂ፣ ሚስቴ ዘንድ።»

«ወደ ሚስት እንዲህ ይኬዳል?» ብሎ እየሳቀ ቀድሞኝ ሄደ።

ሳጉሬ ላይ ሻይና ዳቦ በስሙኒ ቀመስኩ። የቤንዚን ጋኑን በቀርከሃ እንጨት ስለካው ከጠበቅኩት በላይ ተርፏል። ደስ አለኝ።

5 ሰዓት፣ በቆጂ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ዘሃራ ከተከራየችው ቤት ወጥታ እየሮጠች መጣች። ከስታለች። እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ደብዳቤዬ ደረሰህ ማለት ነው!»

«የምን ደብዳቤ?»

«ዝውውሬ ተፈቀደ እኮ! ወደ አሰላ! ልትወስደኝ የመጣህ መስሎኝ...»

ሳጥኗ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤው የትኛው ጭቃ ውስጥ እንደቀረ እንጃ። ዓይኗ ከእኔ አልፎ መኪናው ውስጥ ገባና ባዶው ብረት ላይ ቆመ።

«ወንበሬስ?» አለች።

ሦስት ወር ሙሉ ሳስብ የከረምኩት ወደ እሷ መድረሱን ብቻ ነበር፤ ይዣት መመለስ በሐሳቤም አልመጣም። አፈርኩ።

እሑድ፣ 2 ሰዓት፣ ወደ አሰላ

ሳጥኗን ጎረቤት አስቀመጠች። ጋቢዋን አጥፋ ብረቱ ላይ አነጠፈችና ተቀመጠች። «ዳገት ሲመጣ እወርድልሃለሁ፤ ዋናው አሰላ መድረሱ ነው» አለች።

በመጀመሪያው ዳገት ወረደች። እኔም እንደተመከርኩት ሳላዘግም ወጥቼ ጫፍ ላይ ጠበቅኋት። ዞር ብዬ ሳያት የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ፣ ጭቃው ጫማዋን እየያዘባት፣ ብቻዋን ትወጣለች። ለዚህ ነው ሦስት ወር የናፈቅኳት?

በሁለተኛው ዳገት አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ከጎኗ አዘገምኩ።

«ቤንዚኑ!» አለች ደንግጣ።

«ይለቅ! ይልቅ አጫውቺኝ።»

ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ቤቷ ብርድ፣ ጽፋ ስለቀደደቻቸው ደብዳቤዎች እየነገረችኝ ወጣን። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ዳገት እንዲሁ።

9 ሰዓት

የአሰላ ባሕር ዛፎች በሩቁ ሲታዩ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይቀራል።

«በእኔ የተነሣ ነው» አለች። «አለቃህስ?»

«ሰኞ ገና ነገ ነው።»

መኪናዋን ዳር አስይዤ ቆለፍኩ። ዘሃራ ጋቢዋን ሁለታችንን አለበሰችና ክንዴን ያዘች።

«ቶሎ እንዳንደርስ ብቻ» አለች።